ዝናብ ሰፋሪውና ቀላሉ ውሃ

ቡሄ ባለፈ በሳምንቱ የልጄ የብርቄ ስልክ ጮኸ። የደወሉት የመምህር አስረስ እኅት ናቸው፣ ከአዲስ አበባ። እሳቸው እኔን አያውቁኝ፣ እኔ እሳቸውን አላውቃቸው።

«እታለም የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ወንድሜ ትናንት ተቀበረ» አሉ። ቀጥለውም፣ «አንድ አደራ ብሎኝ ነበር፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አልገባኝም። ‹ለእታለም ንገሪያት፣ ጠርሙሱን አፍ እስከ ገደፉ ትሙላው፣ አየር እንዳይገባው› ነው ያለው። ለአንቺ ይገባሻል?»

«ይገባኛል» አልኩ።

ስልኩን ለብርቄ መልሼ እዬዬ ልል አፌን ስከፍት ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ሰው ሲሞት ሰው ደረቱን ይመታል። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ የዝናብ መቀበያው እንዳይወድቅ ድንጋዩን ላጠብቅ ወደ ግቢ ወጣሁ። ዘርፌ፣ ጎረቤቴ፣ በአጥሩ አሻግራ አይታኝ፣ «ወይ የብርቄ እናት! አንቺም እንደ መምህር ሆንሽ?» አለችኝ። ሞታቸውን ገና አልሰማችም።

መምህር አስረስን ያወቅኋቸው ሰማይ ሲፈልጉ ነው። እኔ ላሊበላ ዳር፣ ከከተማው ወጣ ባለው ዳገት ላይ፣ አረቄ እያወጣሁ ልጅ የማሳድግ ሴት ነኝ። የብርቄ አባት ከሞተ ቆይቷል። አንድ የግንቦት ቀን ጠዋት፣ ድፍድፌን ሳማስል ቀና ብል፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ያረጀ የተማሪ ቦርሳ ያነገቱ፣ ደጃፌ ላይ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።

«ጌታው፣ ምን ጠፋብዎ?»

«ምንም አልጠፋብኝም። ግቢሽ ሰማይ አለው።»

«ሰማይ የሌለው ግቢ አለ እንዴ?»

«ሞልቷል። የእኔን ባሕር ዛፍ ሸፍኖታል። ያቺኛዋ ቆርቆሮ አውጥታበታለች። ያንቺ ብቻ ነው ከላይ እስከ ታች ባዶ የሆነ።»

በድህነቴ የተሳለቁ መስሎኝ ተቀየምኩ። ለካ እሳቸው እውነታቸውን ነው። እዚሁ ከተማ ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የላስታን ዝናብና የተራራውን ምንጭ ውሃ እየሰበሰቡ እንዲልኩለት ጠይቋቸዋል። ዝናቡ በዛፍ ወይም በጣራ በኩል ከመጣ አይሆንም፤ ቀጥ ብሎ ከሰማይ መውረድ አለበት። ግቢዬን ለመኑኝ፣ ፈቀድኩ።

መሣሪያ ተብሎ የመጣውን ሳይ ሳቄ መጣ። ጋዝ ወደ ጠርሙስ የምንቀዳበት ዓይነት አፈ ሰፊ ላስቲክ ነው፣ ከሥሩ ጀሪካን፣ ዙሪያውን ድንጋይ። ታዲያ ጀሪካኑ ውስጥ ከሁሉ በፊት ዘይት ጠብ አደረጉበት። ይህን ዘርፌ አየች። ዘርፌ አየች ማለት ላሊበላ አየ ማለት ነው። በማግስቱ ቧንቧ ላይ ሴቱ ሁሉ፣ «አረቄ አውጪዋ ግቢ ድግምት ተቀበረ፣ ዝናብ ሊያስሩ ነው» ይል ጀመር።

ሳልፈራ አልቀረሁም። ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«መምህር፣ ዘይቱ የምንድን ነው?»

«ክዳን ነው። ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል አይደል? ከሥሩ ያለው ውሃ እንዳይተን ያፍነዋል። ከተነነ፣ ቀላሉ ቀድሞ ይሄድና ከባዱ ይቀራል። ያን ጊዜ ውሃው ይዋሻል።»

ውሃ ይዋሻል ሲባል በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ልጆች «ዝናብ ሰፋሪው» አሏቸው፤ ስሙ ጸደቀ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እሳቸው ባርኔጣቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው ይወጣሉ። አንድ ቀን ዘርፌ ሴቶቹን ልታስቅ፣ «መምህር፣ ዛሬ ስንት ቁና ዘነበልን?» አለቻቸው።

«ቁና አልሞላም ዘርፌ፤ ለአንቺ ምላስ ማርጠቢያ ግን ይበቃል» አሉና እየሳቁ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ዘርፌ ወደደቻቸው። የሰደባትን ትወዳለች።

የማይረሳኝ እጃቸው ነው። ትንሿን ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቀልቋታል፣ ከዚያ አፍ እስከ ገደፏ ይሞሏታል። ቡሽ ያህል ክፍተት አይተዉም። ከዚያ ወደ ፀሐይ አንሥተው ዓይናቸውን ያጠባሉ። አረፋ ካዩ በጥፍራቸው ኳ ኳ ኳ ያደርጉና አረፋው ወጥቶ እስኪፈነዳ ይጠብቃሉ። አንዲት አረፋ ናት እኮ! እኔ ጋን ሙሉ አረቄ እያወጣሁ እንዲያ ተጠንቅቄ አላውቅም።

«ሰውም እንዲሁ ነው» ይሉ ነበር። «ጎዶሎ ነገር ከነገርሽው ቀሪውን በአየር ይሞላዋል።»

በዓመቱ ብርቄ ታመመች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንገቷ ሥር ያለው ንፍፊት አብጦ፣ ብርድ ነው ብዬ ቅቤ ሳሽ፣ ጠበል ሳስረጭ ከረመ። አልጎደለም። ጤና ጣቢያው ወደ ደሴ፣ ደሴ ወደ አዲስ አበባ ላከን። እዚያ ስሙን ነገሩኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ዛሬም እፈራዋለሁ። በደም ሥሯ የሚሰጥ መድኃኒት በዙር በዙር ጀመሩላት። በዙርና በዙር መካከል ደግሞ ቤቷ ሆና የምትውጠው ክኒን ሰጡን። ጸጉሯ ረገፈ። ክኒኑን በዋጠች ቁጥር ታስመልሳለች። ለመጽናት ትሞክራለች፤ እኔን ስታይ ፈገግ ትላለች፤ ያ ፈገግታዋ ነበር አንጀቴን የሚቆርጠው።

ያን ሰሞን መምህር አስረስ ጠርሙሳቸውን ሊያነሡ ሲመጡ ከእሷ ጋር ይቀመጣሉ። ትምህርቷ እንዳይቀርባት ነው። ብርቄ ጠያቂ ናት፤ ከእኔ አልወጣችም።

«መምህር፣ ውሃ ሁሉ ውሃ አይደለም እንዴ? ምኑን ነው የሚለኩት?»

እኔ ጋኑን በጭቃ ስመርግ ጆሮዬ እዚያ ነው።

«ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ ብዬሻለሁ። ከስድስት ሺህ ምናምን ሃይድሮጅን አንዱ ግን መንትያ ወንድሙን በጀርባው ያዘለ ይመስል እጥፍ ይከብዳል። ዲዩተሪየም ይሉታል። አሁን ሴቶች ከቆላ ገበያ ወደ ደጋ ሲመለሱ አስቢ። ዳገቱን ሲወጡ ቀድማ የምታርፈው ማን ናት?»

«ሸክም የከበዳት።»

«ዝናብም እንዲሁ ነው። ደመናው ተራራውን ሲወጣ ከባዱ ቀድሞ ይወርዳል። ስለዚህ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናብ ቆላ ከሚወርደው ቀለል ይላል። በጣም ጥቂት፤ ምላስሽ አይለየውም፣ መሣሪያ ግን ይለየዋል። እኛም ምንጩን ስንለካ ውሃው ከየት ከፍታ እንደመጣ እናውቃለን።» ወደ እኔ ዞሩና፣ «እናትሽም ይህን ሥራ ታውቀዋለች። ጋኑን ስታፈላ ቀላሉ በመቃው ቱቦ ቀድሞ ይወጣል፣ ከባዱ ከሥር ይቀራል። ዳግም ስታወጣው ደግሞ ይብሳል» አሉ።

እኔ ኮራሁ። ኬሚስትሪ ኖሮ ሥራዬ!

ብርቄ ግን አላቆመችም። «ቀላል መሆኑ ለምን ይጠቅማል?»

በኋላ እንደነገሩኝ፣ መምህር እዚህ ላይ ዝም ብለው ቢቀሩ ኖሮ ይሻል ነበር። ግን ጥያቄ ሳይመልሱ ማለፍ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ።

«ውጭ አገር የሚመራመሩ አሉ» አሉ። «ከባዱን እየቀነሱ፣ በጣም የቀለለ ውሃ ሠርተው ይሞክሩታል። አንዳንዶቹ ዕጢ ላይ ሞክረናል፣ እድገቱን ያዘገየዋል ይላሉ። ሌሎቹ ገና አልተረጋገጠም ይላሉ።»

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማሁት «ዕጢ» የምትለዋን ነው። ከእሷ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። እናት የሆነ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ጀሪካን ይዤ፣ አህያ ለምኜ፣ ወደ ተራራው ሄድኩ። ከላይኛው ምንጭ ቀዳሁ። ጋኔን በአመድ ፈትጌ አጠብኩ። ውሃውን አፈላሁ፤ በመቃው የወጣውን ተቀበልኩ። መልሼ አፈላሁ፤ ዳግሙን አወጣሁ። ደግሜም ሠለስኩት። ቀድሞ የሚወጣውን ብቻ ወሰድኩ፤ የቀረውን ደፋሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እኛ አገር ጠበል ሲጠጣ ሱባኤ ይያዛል። በባዶ ሆድ ነው፤ ከጠበል ጋር ሌላ ነገር አይደባለቅም። ማንም እንዲህ አድርጊ ያለኝ የለም። በእኔ ልብ ግን የሚፈውስ ውሃ ሁሉ ሥርዓቱ አንድ ነው። ስለዚህ ለብርቄ ጠዋት ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምስ፣ አንድ አንድ ብርጭቆ እሰጣታለሁ። ክኒኑንም አቋረጥኩ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ሙዳይ ውስጥ ከትቼ ሰቀልኩት።

አንድ ሱባኤ፣ ሰባት ቀን፣ ሞላ። ልጄ ማስመለሷን ተወች። እንጀራ በላች። ሳቀች። ነጠላዋን የማስተካክልላት መስዬ አንገቷን ስዳብሳት የቀለለ መሰለኝ። ውሃው ያዘ አልኩ! ሁለተኛውን ሱባኤ ጀመርኩ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መምህር መጡ። ብርቄ ብርጭቆዋን እንደያዘች በረንዳው ላይ ናት።

«መምህር፣ ይቅመሱልኝ እስቲ። አረቄ አረቄ አይልም?»

ተቀበሏት፣ አሸተቱ፣ ምላሳቸውን ነከሩ። ጋን ቢታጠብ ሽታው መች ይለቃል።

«እታለም፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ደስ ብሎኝ ነው የነገርኳቸው! የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ። ምንጩን፣ ዳግሙን፣ ሣልሱን ሁሉ። እየሰሙ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸው ይበራል፣ አንዴ እንዲያውም፣ «ሦስቴ? ብልህ ነሽ!» አሉ። ከዚያ እንዲያው ሲያልፉ፣ «ክኒኗንስ በየትኛው ውሃ ነው የምትውጠው?» ብለው ጠየቁ።

«ክኒንማ ትታለች። ከሱባኤ ጋር እንዴት ይሄዳል?»

የዝናብ መቀበያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ኖሮ እኔም እጮህ ነበር፤ ይቀለኝ ነበር።

«ስንት ቀን?»

«ዛሬ ዘጠኝ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ጎዶሎ ጠርሙስ ሰጥቼሽ ነው።»

«ምን ጥፋት አለው? አያዩዋትም እንዴ? በላች እኮ! ሳቀች እኮ!»

«የበላችው ክኒኑ ስለማያስመልሳት ነው እታለም። ዕጢው ስለጠፋ አይደለም።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ዕጢ ያዘገያል ያሉት?»

«ይላሉ አልኩ እንጂ ነው አላልኩም።»

ያን ጊዜ ፍርሃቴ ሁሉ በንዴት ወጣ። «ቁርጡን ይንገሩኝ! ይረዳል ወይስ አይረዳም?»

«አላውቅም።»

«እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል?»

«እስካሁን ማንም። እየፈለጉ ነው።» እጃቸውን ወደ ቁልቁለቱ ዘረጉ፤ ከታች የገብስ ማሳ አለ። «ያን ማሳ አየሽ? ሙሉውን ፍግ አልብሰሽ ዘንድሮ ቢያምርልሽ፣ ፍጉ ይሁን ዝናቡ በምን ታውቂያለሽ?»

«ግማሹን ሳላለብስ እተዋለሁ።»

«አየሽ፣ ታውቂዋለሽ። ተመራማሪ ማለት ይኸው ነው። ይህ ውሃ በሰው ላይ ገና እንዲያ በደንብ አልተለየም። ሰው ላይ የሞከሩትም ቢሆኑ አብዛኞቹ ከሐኪሙ መድኃኒት ጋር አድርገው ነው። ክኒኑ ግን ማሳው ለሁለት ተከፍሎ፣ ስንት ጊዜ ታይቶ የመጣ ነው።» ድምፃቸው ወረደ። «ብርቄ ደግሞ አንድ ናት። ለሁለት አትከፈልም።»

እኔ ግን እሺ አላልኩም። ሰው የያዘውን ተስፋ ከእጁ ሲነጥቁት እንዲህ በቶሎ አይለቅም። ይህን አወቁት መሰለኝ፣ ብድግ ብለው ወጡ። ተስፋ ቆርጠው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የነፍስ አባቴን አባ ገብረ ኪዳንን በባጃጅ ጭነው መጡ። አባን ባጃጅ ላይ አይቼ አላውቅም፤ መቋሚያቸው በጎን ወጥቶ ይታያል።

አባ ሁሉንም ሰምተው፣ ብርጭቆዋን አሽትተው፣ «ስድሳ ዓመት ቀድሻለሁ» አሉ፣ «በአረቄ ጋን የወጣ ጠበል ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ብርቄ ከት ብላ ሳቀች። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ማነው መድኃኒት አቋርጪ ያለሽ? እኔ ነኝ?»

«አይደሉም አባ።»

«ታዲያ ማን ነው? ሐኪሙንስ ማን ፈጠረውና ነው? ጸሎቱን በእኔ ጣዪው። ክኒኑን አውርጂ።»

ሙዳዩን አወረድኩ። መምህር ሆስፒታሉ በሰጠን ቁጥር ደወሉ። እኔ አፍሬ ልሸፋፍን ስሞክር ስልኩን ሰጡኝና፣ «ሁሉንም ንገሪያቸው። አፍ እስከ ገደፉ» አሉኝ። ነገርኩ። ክኒኑን ዛሬውኑ ጀምሩ፣ ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ ቀደም ብላችሁ ኑ አሉን። ብርቄ ያን ዕለት ዋጠች። አስመለሰች። ዋጠች።

ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ መምህር እስከ ጋሸና ሸኙን። መኪና እስክንቀይር ሻይ ስንጠጣ የብርቄን ክኒን ሁለት ሦስቴ ሲቆጥሩ አየሁ። ለካ ከእኔ ይልቅ ፈርተዋል።

ሐኪሞቹ መረመሯት። ዘጠኙ ቀን ምን ያህል እንደጎዳት አላወቁም፤ ዙር ጨመሩላት። እኔ ያን የተጨመረ ዙር ሁልጊዜ የእኔ እለዋለሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ውሃ አያነሣም ነበር። መምህር ግን ክኒኑን ባወረድኩበት ቀን፣ ከግቢዬ ከመሄዳቸው በፊት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከብርቄ ብርጭቆ ሳይሆን ከማሰሮዬ፣ ሣልሱን ቀድተው፣ ጠርሙሷን ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ሞሏት። ኳ ኳ ኳ። በላዩ «የእታለም ውሃ» ብለው ጻፉና ከተራራው ምንጭ ውሃ ጋር ለዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ላኩት።

«ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው፣ አፍሬ።

«ማወቅ አትፈልጊም?»

እፈልግ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላም እፈልግ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ወራት አልፎ ነበር፤ የብርቄ ጸጉር እንደ ጫጩት ላባ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ወረቀቱን በረንዳው ላይ ዘርግተው በጣታቸው አሳዩኝ። ቁጥር ማንበብ እችላለሁ።

«ይኼ ምንጩ ነው። ይኼ ያንቺ ነው። ቀለለ።»

«ቀለለ!» ብዬ እልል ልል ነው።

«ቆይ፣ ቆይ። ውጭ አገር ያሉት የሚመራመሩበት ውሃ ከዚህ እስከ ደሴ ቢሆን፣ አንቺ ከቤትሽ አንድ እግርሽን አንሥተሻል። እነሱ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ እየደጋገሙ፣ ፎቅ በሚያህል ማማ ነው የሚያወጡት።»

«አንድ እግር ብቻ?»

«አንድ እግር። ግን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው። በአረቄ ጋን!» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ። ከወረቀቱ ጥግ ላይ ስሜን አሳዩኝ። ናሙናውን ያዘጋጀችው ብለው እኔን አስጽፈውኛል፤ ከነአባቴ ስም። ሦስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ስሜ በትምህርት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ያ የመጀመሪያው ነው። ያን ወረቀት ከብርቄ የክርስትና ልብስ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ብርቄ ሕክምናውን ጨረሰች። አሁን በየጥቅምቱ ለምርመራ እንሄዳለን። ጥቅምት ሲደርስ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ጊዜ መምህርን፣ «ይመለስ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንደ ልማዳቸው፣ «አላውቅም» አሉኝ። ሌላው ሰው ሁሉ «ምን ቆርጦት ይመለሳል!» ይለኝ ነበር፤ ያ ማጽናኛ ግን ቤቴ እስክደርስ ያልቅብኛል። የመምህር «አላውቅም» ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ስደገፈው አይሰበርም። ቀጥለውም፣ «ምርመራው ለዚህ ነው። ከመጣ ቀድመን እናየዋለን» አሉኝ።

አምና በዐቢይ ጾም ማብቂያ ላይ እሳቸው ታመሙ። ጉበት ነው ተባለ። ልጠይቃቸው ስሄድ ከተራራው ምንጭ አንድ ጀሪካን ቀድቼ፣ በፀጥታ ከአልጋቸው ሥር አስቀመጥኩት። አዩኝ። እጃቸውን ትራሳቸው ሥር አስገብተው የክኒን እሽግ አወጡና ፊቴ ላይ አወዛወዙት።

«እዪ። አላቋረጥኩም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ውሃውን ግን ጠጡት። «ጥሩ ውሃ ነው» አሉ። «ቀዝቃዛ ነው።» ያን ጊዜ ነው የዝናቡን ሥራ ለእኔና ለብርቄ የሰጡን፤ ብርቄ ቀን ትጽፋለች፣ እኔ እሞላለሁ። ግንቦት ላይ እኅታቸው ዘንድ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሞታቸው ብቻ አይደለም።

ከመርዷቸው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ከጋሸና መጣች። ባዶ ጀሪካን ይዛለች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፣ ከሲታ። ጡቷ ላይ ዕጢ ወጥቶ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶላታል። የብርቄ ወሬ ጋሸና ድረስ ተሰምቷል፤ «ላሊበላ አንዲት ሴት ልጇን በቀላል ውሃ አዳነች» ተብሎ። ዘርፌ ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ «እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ!» ትላለች።

«ስለ ልጅሽ ብለሽ» አለችኝ ሴትዮዋ፣ «ትንሽ ስጪኝ።»

አየኋት። ያን ጀሪካን አውቀዋለሁ፤ እኔም ተሸክሜዋለሁ። እሺ ብላት በደስታ ትሄዳለች፤ ለአንድ ሱባኤ ታርፋለች። መከልከልም ይቻላል። መካከሉ ነው የከበደኝ።

«የምትውጪው ክኒን አለ?» አልኳት።

ዓይኗን ሰበረች። «በየቀኑ፣ ለዓመታት ትውጪያለሽ ብለውኛል። ሰለቸኝ። አጥንቴን ይቆረጥመኛል። ይህን ውሃ ልጀምር ብዬ ተውኩት።»

አስቀመጥኳት። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ግቢዬ ሰማይ አለው ካሉበት ቀን። ጋኑን፣ ሣልሱን፣ ሙዳዩን፣ ዘጠኙን ቀን፣ የጨመሩላትን ዙር። ዘጠኙን ቀን ዘርፌ እንኳ አታውቀውም ነበር። ብርቄ ከጎኔ ቆማ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። አንድም አላስቀረሁም።

«ታዲያ ውሃው አያድንም?» አለች ሴትዮዋ።

«አላውቅም፣ እኅቴ። የሚያውቅ ገና የለም። እየፈለጉ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ትሰበስቢዋለሽ?»

«እኔም ስለማላውቅ ነው።»

ወደ ዝናብ መቀበያው ዞር ብላ አየች። ከዚያ ከመቀነቷ የሐኪም ካርድ አወጣች። ብርቄ ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ደወለችላት፤ ሴትዮዋ ራሷ አጥንቷን የሚቆረጥማትን ሁሉ ተናገረች። ዛሬውኑ መልሰሽ ጀምሪ፣ ለሕመሙ ደግሞ መጥተሽ ታዪ አሏት። መቀነቷን ደግማ ፈታች፤ ክኒኑ አብሯት ነበር። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ይዛው መጥታለች።

«ውሃ ስጪኝ» አለችኝ።

ብርጭቆውን አነሣሁ። ለናሙና የቀዳሁት የተራራው ውሃ በአንድ ጎን፣ የቧንቧው በሌላ ጎን ተቀምጠዋል።

«ከየትኛው ልስጥሽ?»

«ከቀረበሽ» አለች።

የቧንቧው ቀርቦኝ ነበር። ቀዳሁላት።